የዘለልኳት ዓረፍተ ነገር

እዚህ ዳላስ አካባቢ ከእኛ ትምህርት ቤት ከወጣነው አንዱ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለቄሱ ነው፤ ቀጥሎ ለእኔ። የሕይወት ታሪካቸውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጸሎተ ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ፣ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጣ፣ ወረቀቴን ይዤ እቆምና "አጭር የሕይወት ታሪክ" ብዬ እጀምራለሁ። እስከ ዛሬ የዘጠኝ ሰው አንብቤያለሁ። ማንም ሹመት አልሰጠኝም። አንድ ጊዜ ጻፍኩ፣ ሰው አለቀሰ፣ ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሆኖ ቀረ።

ትምህርት ቤታችን አዲስ አበባ የነበረ፣ በእኛ ጊዜም ያረጀ፣ የእንግሊዞች የወንዶች ትምህርት ቤት ነው። አስተማሪዎቹ ከአገራቸው ገና መምጣታቸው ስለነበር ስማችን ለምላሳቸው አልመች አላቸው፤ በመዝገብ ቁጥራችን ይጠሩን ጀመር። ወላጆቻችን ቢሰሙ ይቀየሙ ነበር። እኛ ግን ወደድነው። ዛሬ ሁላችንም ከስልሳ አምስት ካለፍን በኋላ፣ በዓመት አንዴ ካሮልተን ውስጥ አዳራሽ ይዘን ስንገናኝ፣ "አራት ቁጥር መጣ"፣ "ሃያ ሁለት ቁጥር ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆነ" ነው የምንባባለው። የአንዳችን ሚስት "እስረኞች ትመስላላችሁ" ብላናለች። ትምህርት ቤቱ ያወረሰን ሌላም አመል አለ። ስንናደድ በእንግሊዝኛ ነው የምንናደደው፤ ያውም እዚህ አሜሪካ ማንም በማይናገረው፣ ባረጀ እንግሊዝኛ። ስልክ ላይ ከሰው ጋር ስጣላ ልጄ ከጎኔ ሆኖ በሳቅ ይፈርሳል።

እኔ አሥራ አንድ ቁጥር ነኝ። የምጽፈው ግን ስለ ሰባት ቁጥር ነው።

ከዚያ በፊት ስለ አጻጻፌ መናገር አለብኝ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ውሸት አልጽፍም፤ በዚህ እኮራለሁ። ግን እውነቱን ራቁቱን ሰው ፊት አላወጣውም። ታክሲ የነዳው "በትራንስፖርት ዘርፍ አገልግለዋል" ይባላል። ፋርመርስ ብራንች መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ወገቡን የተጎዳው "በሎጂስቲክስ ሥራ ተሰማርተው" ሆነ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲቀይር የኖረውን "በመስተንግዶው ኢንዱስትሪ" አልኩት፤ ሚስቱ ከቀብር መልስ እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ሰው በሞተበት ቀን ትንሽ ቢለብስ ምን አለበት? እንዲህ ነበር የማስበው።

ከክፍላችን ልጆች አንዱ ታዋቂ የልብ ሐኪም ሆኖ ሌላ ስቴት ይኖራል። ተማሪ ሳለን የተማሪዎች አለቃ እሱ ነበር፤ ዛሬም ሲገባ ሰው ወንበር ይለቅለታል። አንዱ እዚሁ የአማርኛ ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነው። አንዱ ቤት ያሻሽጣል፣ ሳይጠይቁትም የቤትህ ዋጋ ይህን ያህል ደርሷል ይልሃል። ሁለቱ ሱዳን መንገድ ላይ ቀርተዋል። የቀሩት ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የሒሳብ ሠራተኞች ናቸው፤ አንድ የእስር ቤት ጠባቂም አለን። እኔ በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የሰው የመኪና ግጭት ወረቀት ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። እንግሊዞቹ ያኔ ጠዋት ጠዋት አሰልፈው "እናንተ ነገ ይህችን አገር የምትመሩ" ሲሉን ማናችንም እንዲህ አልጠበቅንም። ደግሞም አብዛኞቻችን አልተከፋንም።

ሰባት ቁጥር ሁልጊዜ አንደኛ ነበር። ሁልጊዜ ስል ማጋነኔ አይደለም። በወላጆች ቀን ዋናው አስተማሪ መድረክ ላይ ወጥቶ ውጤት ሲያነብ "አንደኛ፣ ሰባት፤ ሁለተኛ፣ አሥራ አንድ" ይላል። በሚቀጥለውም ተርም እንዲሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ። መጀመሪያ ሰሞን እቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። አባቴ አንድ ቀን ጠራኝና "ከዚህ ልጅ ሌላ የበለጠህ አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩት። "እንግዲያው ደህና ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በአገሩ አንድ ነው የሚገኘው" አለኝ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ተውኩ። የእሱ ሁለተኛ መሆን ለእኔ ማዕረግ ሆነ። ጂኦሜትሪ የሚያስረዳኝም እሱ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ሳይኮራብኝ፣ እርሳሱን ሰጥቶኝ "አንተ ጨርሰው" እያለ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ምሕንድስና ጀመረ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ታሰረ። ሦስት ዓመት ታስሮ ሲወጣ በእግሩ ሱዳን ገባ፤ ከሱዳን ወደዚህ መጣ። እኔ ቀድሜው መጥቼ ስለነበር ኤርፖርት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የኤርፖርት ሠራተኞችን መኪናቸውን ካቆሙበት ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። ለጊዜው ነው አልን። ያ ለጊዜው የተባለ ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው።

በዓመታዊው ስብሰባችን ላይ እሱ ምግብ ሊያነሳ ብድግ ሲል አንዱ ራሱን ይነቀንቅና "ያ ጭንቅላት!" ይላል። ሌላው "አገሪቱ ናት የበላችው" ይላል። እኔም ከንፈሬን እመጣለሁ። አንድ ዓመት ከሥራ በቀጥታ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ደረቱ ላይ አንጸባራቂ ጨርቁ እንዳለ መጣ። በሩ ላይ ደርሼ ኮቴን አውልቄ አለበስኩት። "ይበርድሃል" አልኩት። ነሐሴ ነበር፣ በቴክሳስ ነሐሴ። አየኝና ለበሰው። እጅጌው አጥሮት፣ ላብ እያጠመቀው ማምሻውን ሙሉ በእኔ ኮት ተቀመጠ።

ባለፈው ዓመት ጡረታ በወጣ በስምንተኛው ወር ቆሽቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለና ሜስኪት ወደሚባለው ሰፈር፣ እቤቱ ና አለኝ። ሚስቱ ክሊኒክ ነው የምትሠራው፤ ያን ቀን ፈቃድ ወስዳ እቤት ነበረች። ሶፋው ላይ ትራስ ተደጋግፎ አገኘሁት። ፊቱ ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው የድሮው ነው።

"የእኔን አሁን ጻፈው" አለኝ።

"የምንህን?"

"የሕይወት ታሪኬን ነዋ። ስታነበው አልሰማህም። ሶ፣ አሁን ጻፈውና እኔ ሪቪው ላድርገው።"

"ሟርተኛ! በቁምህ?" አልኩት።

"ዶክተሩ ቁጭ አድርጎ ነግሮኛል፤ ሟርት አይደለም። የሌሎቹን ስታነብ ሰምቼሃለሁ። ስህተት ይኖርሃል።"

ከእኛ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ካልሆነ በቀር የቀብር ጽሑፌ ሳይታረም አይቅረብብኝ የሚል ማን አለ? ያለቀሰችው ሚስቱ ናት፤ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማናት። እኛ ሁለታችን ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅን።

ሳምንት ወስጄ ጻፍኩት። ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለት ገጽ ሆነ። ይዤለት ሄድኩ። ቀይ እስክሪብቶ አስመጣና መነጽሩን አድርጎ ማረም ጀመረ። የተወለደበትን ወር አስተካከለ። "ከልጅነታቸው ጀምሮ ብሩህ አእምሮ የነበራቸው" የሚለውን ሰረዘው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቅ ያዘው፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሚስቱ ውኃ ይዛ ሮጣ መጣች።

"አቪዬሽን?" አለ ትንፋሹ ሲመለስለት። "በአቪዬሽን ዘርፍ? አንተ፣ እኔ እኮ በሕይወቴ አውሮፕላን ላይ የወጣሁት ሦስቴ ነው።"

"ኤርፖርት አይደለም የሠራኸው?"

"ፓርኪንጉን ነው የሠራሁት።"

"ያው ነው።"

"ያው አይደለም" አለኝ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገና አቪዬሽኔን በረጅሙ ሰርዞ ከጎኑ በራሱ እጅ ጻፈ። እንዲህ ይላል፦ "ለሃያ ስድስት ዓመታት የኤርፖርት ሠራተኞችን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ነድተዋል፤ ሥራቸውንም ይወዱት ነበር።"

አነበብኩት። ሳልፈልግ "እዚህ መጥተህ መማር ትችል ነበር" አልኩት። ለስንት ዓመት አፌ ላይ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው።

"ሄጄ ነበር። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር ተማርኩ። ሁሉንም ኤ አገኘሁ። አልነገርኩህም እንጂ።"

"ታዲያ ለምን አቆምክ?"

"ደስ አላለኝም። አውቶቡሱ ደስ ይለኝ ነበር።" መነጽሩን አወለቀ። "ማለቴ፣ እስር ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው በሩን ሲከፍትብኝና ሲዘጋብኝ ነው የኖርኩት። እዚህ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ያው ሰው ይመጣል፣ ያው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ማን እንደወለደች፣ የማን እናት እንደታመመች አውቃለሁ። አንዷ አርፍዳ ከጥጉ ብቅ ብላ ስትሮጥ ካየሁ እጠብቃታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእኔ ምክንያት ሥራ ያረፈደ አንድም ሰው የለም። እናንተ 'ያ ጭንቅላት' ስትሉ እሰማችሁ ነበር። ጭንቅላቴ እኮ አብሮኝ ነበር፣ የትም አልሄደም።"

ወደ ጻፋት ዓረፍተ ነገር በጣቱ አመለከተኝ።

"እንዳለች አንብባት" አለኝ።

"እሺ።"

"ማል።"

"በእግዚአብሔር..."

"ተው፣ እሱን አታስገባው። በዋናው አስተማሪ ዱላ ማል።"

በዋናው አስተማሪ ዱላ ማልኩ። ሁለታችንም ያቺን ዱላ በደንብ እናውቃታለን።

ከዚያ አምስት ሳምንት ቆይቶ ዐረፈ።

ቀብሩ ቅዳሜ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። የልብ ሐኪሙ በአውሮፕላን መጣ፤ ከሂውስተን አራት ሰዎች መጡ፤ ፓስተሩም መጥቶ ጫማውን አውልቆ ከፊት ረድፍ ተቀመጠ። እኛ የትምህርት ቤቱ ልጆች ሁላችንም ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰናል። በሩ ላይ ከተደረደሩት የተወለወሉ ጫማዎች መካከል ወፍራም የሥራ ጫማዎች አየሁ፤ የማን ይሆኑ ብዬ አላሰብኩም። ከኋላ ረድፍ ስምንት የሚሆኑ የውጭ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ጥቁርም፣ ነጭም፣ ሜክሲኳዊም አሉባቸው።

ፍትሐቱ አለቀ። ቄሱ በዓይኑ ጠራኝ። ወጣሁና ጀመርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። ትውልዱን አነበብኩ፣ ትምህርት ቤቱን አነበብኩ። "በየዓመቱ ከክፍላቸው አንደኛ እየወጡ" ስል ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። እስሩን አነበብኩ፣ ሱዳንን አነበብኩ። ገጹን ገለበጥኩ። ቀይ ጽሑፉ እዚያው አለ።

ቀና አልኩ። የማደርገው ነገር ነው፤ ጥሩ ቦታ ላይ ቀና ብዬ ሰው አያለሁ። ሐኪሙ አገጩን አንስቶ ያየኛል። ሃያ ሁለት ቁጥር ያየኛል። ፓስተሩ ያየኛል። ያ አንደኛ የሚወጣው ልጅ መጨረሻ ምን ሆነ የሚለውን፣ ሁላችንም በየልባችን ስንጠይቀው የኖርነውን፣ አሁን እኔ ጮክ ብዬ ልመልስ ነው። እና አልቻልኩም።

"ወደ አሜሪካም ከመጡ በኋላ በልዩ ልዩ ሥራዎች አገልግለዋል። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ" አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የእኔ ግን አላመለጠኝም። እያወቅሁ ነው የዘለልኳት። አቪዬሽን ብል እንኳ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ያስቀው ነበር። ልዩ ልዩ ሥራዎች! ስለ ማንም ሰው ሊባል የሚችል ነገር።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሐኪሙ ትከሻዬን ያዘኝ። "በደንብ ሸኘኸው" አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ።

ጫማዬን ሳስር አንዲት ሴት አጠገቤ መጣች። አምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፤ የአውቶቡስ ድርጅቱን ጃኬት ለብሳለች። የሥምሪት ኃላፊ መሆኗን፣ አሥራ አራት ዓመት አብረው እንደሠሩ ነገረችኝ። የሥራ ጫማዎቹ የእነሱ ነበሩ።

"ያነበብከው የሱን ሕይወት ነው አይደል?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

"አዎ።"

"ኤርፖርት የሚለውን ቃል ስጠብቅ ነበር። እሱን እንኳ ከሰማሁ የቱ ጋ ስለ እኛ እንደምታወራ አውቃለሁ ብዬ። አመለጠኝ መሰለኝ።"

ሌሎቹም ከኋላዋ ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል።

"በቋንቋችን ሌላ ቃል ነው ያለው" አልኳት። ውሸት አልጽፍም ያልኩት ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ጫማዬን እያሰርኩ።

"ምን አልክ ታዲያ?"

የሱን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አልኩላቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ነዳ፣ ሥራውንም ይወደው ነበር። ቃል በቃል፣ አንዲት ሳላጓድል። ሴትዮዋ ወደ ሌሎቹ ዞራ ፈገግ አለች። ሽማግሌው "እውነት ነው። አንድ ቀን ልጄ ታማብኝ ዘግይቼ እየሮጥኩ ስመጣ በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ" አለ። አመሰገኑኝና ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሳልነግራቸው ለሚያውቁት ሰዎች ተናገርኩ፤ መስማት ለነበረባቸው ደበቅኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ቀላል አድርጌ አልናገርም። አፈርኩ። ምግብ አልበላ አለኝ። ልጄ "ዳዲ፣ ዶክተር ኮል ላድርግልህ?" እያለ ተጨነቀ። በጠዋት ተነስቼ ከቤቴ ጀርባ ባቡሩ በሚያልፍበት መንገድ እየሄድኩ ራሴን ለምን ብዬ እጠይቅ ነበር። ለሱ ክብር ብዬ ነው ማለት ፈለግሁ። አልሆነም። እሱ ክብሩ አልጎደለበትም ነበር፤ በቀይ እስክሪብቶ ጽፎ ሰጥቶኛል። የፈራሁት ለራሴ ነው። ስድስት ዓመት ሁለተኛ ወጥቼ የሱ ሁለተኛ በመሆኔ ስኮራ ኖሬያለሁ። አንደኛው የፓርኪንግ አውቶቡስ ሹፌር ከሆነ፣ ደግሞም ደስ ብሎት ከሆነ፣ እኔ የማን ሁለተኛ ነኝ? ሃያ ዓመት የሰው ግጭት ሳገላብጥ አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ለራሴ ክብር ልጨምር ብዬ እሱ የሰጠኝን ቃል ጣልኩ።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ሜስኪት መመላለሴን አላቆምኩም። ሚስቱ በር ትከፍትልኛለች፣ ሻይ ትሰጠኛለች፣ የሱን የጡረታ ወረቀቶች አብረን እንሞላለን። ስለ ንባቡ አንድም ቃል አልተናገረችም። እኔም አላነሳሁትም። አማርኛዋ ከእኔ አያንስም፤ ግን ሐዘን ላይ ስለነበረች አልሰማችም ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

አርባው ሲቀርብ ቆረጥኩ። ደወልኩላት።

"ለአርባው የማነበው ነገር አለኝ። ባለፈው የቀረ።"

"አንብብ" አለችኝ። ምን ቀረ ብላ አልጠየቀችም።

የሕይወት ታሪክ ሁለት ጊዜ አይነበብም፤ ቄሱም ግንባሩን ቋጠረ። "አንድ ዓረፍተ ነገር ናት" ብዬ ለመንኩት። "አንድ ብቻ" አለ። የሥምሪት ኃላፊዋን ስልክ ፈልጌ አግኝቼ ጠራኋት፤ ሁለት ሰው ይዛ መጣች። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ዝክሩን ሊቀምስ ሲል ተነሳሁ። ሰላሳ ሰው ቢኖር ነው። ሐኪሙ አልነበረም።

ያን ዕለት እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ አንድ ነገር ዘልያለሁ አልኩ። ረስቼ አይደለም፣ አፍሬ ነው አልኩ። ከዚያ አነበብኳት። አውቶቡሱን፣ መኪና ማቆሚያውን፣ ሃያ ስድስቱን ዓመት፣ መውደዱን። ድምፄ ያን ቀን ጥሩ አልነበረም። ሃያ ሁለት ቁጥር አጎነበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ "እኔም እኮ ፎርክሊፍት ነው የነዳሁት፤ ሎጂስቲክስ ምናምን እንዳትለኝ" አለ። ሰው ሳቀ። በኋላ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለሐኪሙ ላክሁለት፤ "አሜን" ብሎ መለሰ።

ከብዶኝ የነበረው ነገር ለቀቀኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬ፣ ደስ እያለኝ ባዶ ትሪዎቹን ተሸክሜ ከሚስቱ ጋር ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ጥላ ፈልጋ ርቃ ነበር ያቆመችው። ትሪዎቹን ከኋላ እያስገባሁላት ሳለ መጠየቅ አማረኝ።

"ያን ቀን ስዘላት ሰምተሽ ነበር?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ አርባ ቀን ሙሉ ስመላለስ ምነው ዝም አልሽኝ? ብትቆጪኝ እኮ መብትሽ ነው።"

ቁልፏን ይዛ መሬት መሬት አየች።

"እንዳትቆጪው ብሎኝ ነው" አለችኝ። "ያን ዕለት አስምሎህ፣ አንተ ከቤት እንደወጣህ ጠራኝ። 'አያነባትም። እዚያች ላይ ሲደርስ ይጨንቀዋል፤ ይዘላታል። እንዳትቆጪው' አለኝ።"

መኪናውን ተደገፍኩ። "እንደማላነባት ካወቀ ለምን አስማለኝ?"

"እኔም ጠየቅሁት። 'ሰው አይታወቅም፤ ምናልባት ያነባት ይሆናል። ካነበባት አላፈረብኝም ማለት ነው። መቃብሬ ድረስ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ' አለኝ።"

ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው አንዱ በሩቁ እጁን አወዛወዘልን። እሷም መለሰችለት።

"ሄደሽ ነበር?" አልኳት።

"በየሳምንቱ እሄዳለሁ።"

"ነገርሽው?"

"ምን ብዬ?" አለችኝ።